ለምርምር ፕሮጀክት ሎጎ አሠራር፦ ከአቃቂ ወንዝ ዳር በተወሰደ ምሳሌ

ሱቅ ሎጎ ሲያሠራ የሚሸጠውን ያውቃል። ተመራማሪ ግን ሎጎ የሚያሠራው ገና ጥናቱን ሲጀምር፣ መልሱ በእጁ ሳይኖር ነው። ብዙ የፕሮጀክት ሎጎዎች የሚበላሹት ይህ ልዩነት ስለሚረሳ ነው። የውሃ ብክለት ሊያጠና የተነሣ ቡድን አንዲት ጠርሙስ ናሙና ሳይቀዳ የሞተ ዓሣ ያስላል፤ ስለ ምርጥ ዘር የሚያጠናው ደግሞ ካሁኑ አፉ ድረስ የሞላ ጎተራ። ሎጎው የጥናቱን ጥያቄ ይሳል፣ ውጤቱን አያውጅ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነው።

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲ በኩል፣ ገበሬዎች በአቃቂ ወንዝ ውሃ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ እያለሙ ለከተማው ገበያ ያቀርባሉ። ወንዙ ከላይ ሲወርድ የፋብሪካና የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ ይዞ ነው። አንድ የተመራማሪዎች ቡድን ይህንን ሊያጠና ተነሥቶ ሎጎ ሥሩልኝ አለ እንበል። ቡድኑ የምሳሌ ነው፤ ወንዙና ቆስጣው ግን እዚያው አሉ።

1. ጥያቄውን አስጽፉ

ዋና ተመራማሪውን ስታገኙ “ምን ዓይነት ሎጎ ትፈልጋላችሁ?” ብላችሁ አትጀምሩ። መልሱ የታወቀ ነው፦ ዘመናዊ፣ ሳቢና ሳይንሳዊ የሆነ። ከዚህ ተነሥቶ ምንም መሳል አይቻልም። ይልቁንም ጥናቱ የሚመልሰውን ጥያቄ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ በሚገባው ቋንቋ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር እንዲጽፉላችሁ ጠይቁ። የፕሮፖዛሉን ርዕስ ቀድተው ቢልኩላችሁ መልሱት፤ እሱ የተጻፈው ለገንዘብ ሰጪው ነው።

የምሳሌያችን ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይሆናል፦ “በአቃቂ ወንዝ ውስጥ ያሉ እንደ ክሮሚየምና ካድሚየም ያሉ ከባድ ብረቶች በመስኖው በኩል ወደምንበላው ቅጠል ይገባሉ ወይ?” እዚህ ውስጥ የሚሳሉ ነገሮች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ወንዝና ቅጠል። በመካከላቸው ያለው ግሥ “መግባት” ነው። ሎጎው እነዚህን ሦስቱን ከያዘ በቂ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ አምስትና ስድስት ነገር ከተደረደረ ግን እርሳስ ከማንሣታችሁ በፊት ከቡድኑ ጋር ተቀምጣችሁ አሳጥሩት።

ሾፌሩንና መረጃ ሰብሳቢዎቹንም አነጋግሩ። ሎጎው ማን ፊት እንደሚቀርብ ከዋና ተመራማሪው ይልቅ እነሱ ያውቃሉ።

2. የት የት እንደሚውል ዘርዝሩ

ሁሉም ሰው ሎጎ ሲያስብ የሚታየው በፕሮጀክተር የሚበራው ትልቅ ስላይድ ነው። እዚያ ላይ ማንኛውም ሎጎ ያምራል። ወንዝ ዳር የሚሄደው ግን ሌላ ነው። ገበሬው የሚፈርምበት የስምምነት ቅጽ ሰፈር ውስጥ ባለ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ቀለሙ ሊያልቅ በተቃረበ ማሽን የተባዛ ነው፤ ያውም የኮፒ ኮፒ። ለወረዳው ጽሕፈት ቤት የሚታየው የትብብር ደብዳቤ ላይ የዩኒቨርሲቲው አርማ ዋናውን ቦታ ይይዛል፤ የእናንተው ጥግ ላይ ነው የሚቀመጠው። በ50 ሚሊ ሊትር የናሙና ቱቦ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ከኮድ፣ ከቀንና ከቦታ የተረፈ የጣት ጥፍር የምታህል ቦታ ነው ያለው። የመስክ ጃኬቱ ላይ በጥልፍ ይሠራል። የቡድኑ የቴሌግራም ገጽ ክብ አድርጎ ይቆርጠዋል። ከነዚህ ሁሉ በኋላ ነው ለጉባኤ የሚዘጋጀው የኤ0 ፖስተር የሚመጣው፤ 841 በ1189 ሚሊ ሜትር።

ስለዚህ ሥራውን ከትንሹና ከመጥፎው ህትመት ጀምሩ። የቱቦውን ወረቀትና የደበዘዘውን ቅጽ ያለፈ ሎጎ ፖስተሩ ላይ አያስቸግርም። በተቃራኒው ከፖስተሩ የጀመረ ሎጎ ቱቦው ላይ ሲደርስ የቀለም ጠብታ መስሎ ይቀራል።

3. የለመዱትን ምልክቶች ጣሉ

ማይክሮስኮፕ፣ የዲኤንኤ ጥምዝ፣ ሉል፣ አቶም፣ አምፖል፣ ቡቃያ የያዘ መዳፍ። እነዚህ “እኛ ሳይንስ እንሠራለን” ከማለት በቀር ስለዚህኛው ጥናት ምንም አይናገሩም። ከእነሱ አንዱን ለመጠቀም በቂ ምክንያት ካላችሁ ግን በትክክል ሳሉት፤ ሎጎውን ከሁሉ በፊት የሚያየው ተመራማሪ ነው፣ ተመራማሪ ደግሞ አይምራችሁም።

ዲኤንኤን ለምሳሌ እንውሰድ። በሕያው ሴል ውስጥ ያለው የተለመደው ዲኤንኤ ቀኝ ዞር ነው። በነጻ ከሚወርዱ ሥዕሎች ውስጥ ግን ግራ ዞሩ ሞልቷል፤ አንዱ ሥዕሉን ለማሳመር በመስታወት እንደሚታይ ገልብጦት ይሆናል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ተራ ብሎን አቁማችሁ ከሥዕሉ ጎን ያዙ። የብሎኑ ጥርስ ከፊት ሲታይ ከታች ግራ ወደ ላይ ቀኝ ይወጣል። በሥዕሉ ላይ ከፊት ያለው ክር እንደዚያው ከወጣ ትክክል ነው፤ ከታች ቀኝ ወደ ላይ ግራ ከወጣ ስሕተት ነው። ሥዕሉን ቁልቁል ብታዞሩት ምንም አይለወጥም፤ የሚያስተካክለው እንደገና እንደ መስታወት ምስል መገልበጥ ብቻ ነው።

ጤፍም እንደዚሁ ይበደላል። ስለ ጤፍ የሚያጠኑ ሰዎች ሎጎ ላይ የስንዴ ዛላ ማየት አዲስ አይደለም። የጤፍ ራስ እንደ ስንዴ የታጨቀ አይደለም፤ ልቅ ሆኖ የሚበተን፣ ቀጭን፣ ንፋስ የሚያወዛውዘው ነው። ለመሳል ያስቸግራል፣ እውነት ነው። ግን ሆለታ ወይም ቢሾፍቱ የሚሠራ የሰብል ተመራማሪ ስንዴ ስላችሁ “ጤፍ ነው” ብትሉት ከዚያ በኋላ የምትሉትን አይሰማም። ንብ ከሆነ ስድስት እግርና አራት ክንፍ አላት፤ ሁሉም የሚወጡት ከመሐለኛው ክፍሏ ነው፣ ከሆዷ አይደለም።

የጤና ፕሮጀክት ከሆነ ቀይ መስቀልን አትንኩ። ምልክቱ እ.ኤ.አ. በ1949 በወጡት የጄኔቫ ስምምነቶች የተጠበቀ ነው፤ ክሊኒክና ፋርማሲ ሁሉ በር ላይ ቢያዩትም ማንም እንደፈለገው የሚጠቀምበት አይደለም። የሰንደቅ ዓላማውን ሦስት ቀለማት በሰልፍ መደርደርም አይመከርም። ሰንደቅ ዓላማው በአዋጅ ቁጥር 654/2001 የሚተዳደር ከመሆኑ አልፎ፣ አገሩ ውስጥ ካሉ ሎጎዎች ግማሹ የሚመስለው እሱን ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን ለምሳሌያችን ቅርብ ያለው ፈተና ነው፦ የራስ ቅል፣ የጠቆረ ቅጠል፣ አረንጓዴ መርዝ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ። ለእይታ ይስባል። ነገር ግን የገበሬው ቆስጣ ነገ ማለዳ ገበያ ይወጣል። ያንን ሎጎ በመኪናችሁ በር ላይ ለጥፋችሁ በማሳው ዳር ስትዞሩ፣ ያልተረጋገጠ ነገር እያወጃችሁ የሰውየውን እንጀራ እየዘጋችሁ ነው። ናሙና የሚሰጣችሁም አታገኙም፤ እኔም ብሆን አልሰጥም።

4. ከቦታው ላይ ፈልጉ፣ በእርሳስ ሳሉ

ኮምፒውተር አትክፈቱ። ተራ ወረቀት ላይ የክብሪት ቀፎ የሚያህሉ ሳጥኖች አስምሩና በእያንዳንዱ ውስጥ አንዳንድ ሐሳብ በፍጥነት ሳሉ። ትንሽ የሚሳለው ሆን ተብሎ ነው፤ ሳጥኑ ሲጠብ ዝርዝሩ በራሱ ይወድቃል። የመጀመሪያዎቹ ሳጥኖች በጠብታና በቡቃያ መሞላታቸው አይቀርም። ይሙሉ፤ ካላወጣችኋቸው ከኋላቸው ያለው አይወጣም።

ከዚያ የቦታውን ካርታ ክፈቱ። ትልቁ አቃቂ ከሰሜን ምሥራቅ፣ ትንሹ አቃቂ ከሰሜን ምዕራብ ወርደው ሁለቱም አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ፤ ከዚያ ወደ አዋሽ። ሰሜኑን ወደ ላይ አድርጋችሁ ወንዞቹን ብቻ በእርሳስ ብትከተሉ ሁለት መስመር ከላይ መጥተው ከታች አንድ ይሆናሉ። አሁን አንድ የቆስጣ ቅጠል ጠረጴዛው ላይ አኑሩ፣ ግንዱ ወደ ታች ይሁን። መሐሉን ሰንጥቆ የሚሄድ ወፍራም ነጭ ጅማት አለ፤ ከጎን ደግሞ ቀጫጭኖቹ ይገቡበታል። ትልቁ አቃቂ ወፍራሙ ጅማት ይሆናል፣ ትንሹ አቃቂ በግራ በኩል የሚገባው የጎን ጅማት። ወንዙ ቅጠሉ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ሎጎው መርዝ አለም የለምም አላለም፤ “ይገባል ወይ?” የሚለውን ብቻ ሣለ።

ከጎመን ይልቅ ቆስጣን የመረጥኩት የቆስጣ ጅማት ሰፊና ነጭ ስለሆነ ነው፤ ቅጠሉ ጥቁር ሲሞላ ወንዙ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ትንሽ ሲታተምም አይጠፋም። አንድ የዕፅዋት ባለሙያ “ውሃ በቅጠል ውስጥ ከግንዱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ወንዙ ግን ወደ ታች ይወርዳል” ብሎ ሊከራከር ይችላል። ልክ ነው። ለዚህ ነው ቀስት የማይደረገው፤ ቀስት ከሌለ ውሸትም የለም።

ሐሳቡ የራሳችሁ ቢሆንም ሌላ ሰው ቀድሞ ሠርቶት እንደሆነ እዩ። ንድፉን ፎቶ አንሥታችሁ በጉግል ሌንስ ፈልጉ። ቅጠል ያለበት ሎጎ በዓለም ላይ ስፍር ቁጥር የለውም፤ የምትፈልጉት ከናንተው ጋር አንድ የሚመስል፣ በተለይም በዚያው የጥናት መስክ ያለ ካለ ለማወቅ ነው።

ሥዕል የሚያመነጩ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ መሣሪያዎችን በዚህ ደረጃ ለሐሳብ ብትሞክሩ ችግር የለውም። የመጨረሻውን ሎጎ ከነሱ አትውሰዱ። የአማርኛ ፊደል ሲጽፉ አብዛኛውን ጊዜ ያበላሹታል፤ የሚሰጧችሁም ሲተልቅ የሚደበዝዝ ምስል ነው።

5. በጥቁር ብቻ ጨርሱት

የተመረጠውን ንድፍ በቬክተር ፕሮግራም፣ ማለትም ሥዕልን ሲለጠጥ በማይሰባበር መስመር በሚያስቀምጥ፣ እንደገና ሥሩት። ኢንክስኬፕ በነጻ ይገኛል፣ ለዚህ ሥራም ከበቂ በላይ ነው፤ ኢለስትሬተር ወይም ኮረል ድሮው ያለው በዚያው ይሥራ። ፎቶሾፕ ግን ለዚህ አይሆንም። እሱ የሚያስቀምጠው ነጠብጣብ ስለሆነ ሎጎው ለባነር ሲለጠጥ ጠርዙ ይሰባበራል።

ጥቁርና ነጭ ብቻ ተጠቀሙ። ጥላ፣ ግራጫ፣ ከቀለም ወደ ቀለም የሚደበዝዝ ነገር አታስገቡ። ከዚያ ሎጎውን በ15 ሚሊ ሜትር ስፋት አትማችሁ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ሂዱ። ኮፒ አስደርጉ፤ ኮፒውን ኮፒ አስደርጉ፤ እሱንም አንዴ ድገሙ። የመጨረሻው ላይ ትንሹ አቃቂ ከጠፋ መስመሩን አወፍሩ። እኔ በትንሹ መጠን ላይ ከ0.4 ሚሊ ሜትር የቀጠነ መስመር ወይም ክፍተት አልተውም። ለጥልፍ ደግሞ ወደ 1 ሚሊ ሜትር ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ለጃኬቱ የጎን ጅማቶቹ የተቀነሱበት ቀለል ያለ ቅጂ ማዘጋጀት ያዋጣል።

6. ስሙን ጻፉ

ፕሮጀክቱ ቢያንስ ሦስት ቋንቋ ይፈልጋል፤ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞና እንግሊዝኛ። በዳርቻው ያለ ገበሬ ብዙው ኦሮምኛ ተናጋሪ ስለሆነ አፋን ኦሮሞው ለይምሰል የሚጨመር አይደለም። ሦስቱን ከቅጠሉ ሥር ብትደረድሩ ግን ሎጎው ማስታወቂያ ሰሌዳ ይሆናል። ምልክቱንና ስሙን ለዩ፤ ምልክቱ ያለ ጽሑፍ ብቻውን መቆም ይችል፣ ከዚያ ለፊደልም ለቁቤም ለየብቻ አቀማመጥ አዘጋጁለት። ለገበሬው በሚሄደው ቅጽ ላይ የቅጹ ቋንቋ ብቻ ይኑር።

ለአማርኛው ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤል ይሆናሉ፤ ሁለቱም በነጻ ፈቃድ የተለቀቁ ናቸው፣ በሕጋዊ መንገድ ሎጎ ላይ መጠቀም ይቻላል። ለትንሽ መጠን ኖቶው ይሻላል። ፊደላችን በትንሹ ሲታተም የሚጠፋው ቅጥያው ነው፦ “ቡ” እና “ቢ” የሚለዩት ከቀኝ እግር ላይ ያለችው ጭረት መሐል ወይም ታች በመሆኗ ብቻ ነው። የፕሮጀክቱን ስም በ15 ሚሊ ሜትር አትማችሁ ቅጥያዎቹን አንድ በአንድ እዩ። ካልተለዩ ፊደሉን አተልቁ፤ ስሙ ከረዘመ ያሳጥሩት።

ፊደሉን ወደ ጎን አትለጥጡ። ከቁቤው ርዝመት ጋር ለማስተካከል ተብሎ የተለጠጠ ፊደል ቋሚ መስመሮቹ ይወፍራሉ፣ አግዳሚዎቹ ቀጥነው ይቀራሉ፣ ያየው ሰው ምን እንደሆነ ባያውቅም ደስ አይለውም። ቁመታቸውን በማስመሪያ ሳይሆን በዓይን አመጣጥኑ።

በመጨረሻም ጽሑፉን ወደ ቅርጽ ቀይሩ። ይህ ካልተደረገ ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ያ ፊደል ከሌለ ስሙ ባዶ ሳጥን ይሆናል። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም አሁንም በድሮው የፓወር ግዕዝ አሠራር የሚጽፍ አለ፤ የሱ ፋይል ሌላ ቦታ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ነው የሚወጣው።

7. ቀለም

አንድ ቀለም ይበቃል፤ ቢበዛ ሁለት። በስክሪን ማተሚያ ለሚሠራ ቲሸርትና ኮፍያ እያንዳንዱ ቀለም የራሱ ወንፊት ስለሚሠራለት ዋጋው በቀለም ቁጥር ይጨምራል። ኮምፒውተር ስክሪን ላይ የሚያበራው አረንጓዴ ወረቀት ላይ ይሞታል፤ ለስክሪን የሚሆነውን የአርጂቢውንም ለህትመት የሚሆነውን የሲኤምዋይኬውንም ቁጥር ጻፉ፣ አንድ ገጽ አሳትማችሁም እዩ። የመኪና ስቲከር ፀሐይ ላይ ሲውል ቀይና ቢጫው ቶሎ ይለቃል፤ ጥቁር አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሰማያዊ ይሻላል። ቀይና አረንጓዴን ለመለየት የሚቸገሩ ሰዎች ስላሉ ትርጉሙ በሁለቱ ልዩነት ላይ ብቻ አይንጠልጠል።

8. ወስዳችሁ አሳዩ

ሎጎውን ለቡድኑ ብቻ አሳይታችሁ አትጨርሱ። ማሳው ላይ ለሚሠሩት፣ ለመረጃ ሰብሳቢዎቹ፣ ለወረዳው ባለሙያ በተራ ወረቀት አሳዩ። “ያምራል ወይ?” አትበሉ፤ ሰው አክብሮ “ያምራል” ይላችኋል፣ ነገሩም እዚያው ያልቃል። “ጋሼ፣ ይቺ ምን ትመስላለች?” በሉና ዝም በሉ። መልሱን በቃላቸው ጻፉት።

“ቅጠል” ወይም “ቆስጣ” ካሉ ጥሩ ነው። “ላባ” ካሉ የጎን ጅማቶቹ በዝተዋል ማለት ነው፣ ቀንሱ። “እሳት” ካሉ የቅጠሉ ጫፍ ሾሏል ወይም ጠርዙ ተወናብዷል፣ አለስልሱት። ወንዙን “መንገድ” ቢሉት አያስደንግጥ፤ ጥቂት ጠመዝመዝ ካደረጋችሁት ይስተካከላል። ወንዙ ጨርሶ ካልታያቸው ግን ሎጎው ከአትክልት መሸጫ ሎጎ አይለይም፤ ወደ እርሳሱ ተመለሱ።

አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ፦ “ይቺን መኪና ላይ ብታይዋት ምን ይመስልሻል፣ እትዬ?” መልሱ “አትክልት ገዢ መጣ” ከሆነ ምንም አይደለም። “ሊከለክሉን መጡ” ከሆነ ግን ችግሩ የት እንዳለ፣ ከቅጠሉ ይሁን ከቀለሙ፣ ጠይቁና ለዩ።

9. የአጋሮች ሰልፍ

ከፖስተሩ ግርጌ የዩኒቨርሲቲው፣ የሚኒስቴሩና የገንዘብ ሰጪው አርማ ይሰለፋሉ። የናንተው ከነሱ ጋር አንድ ቁመት ላይ ሲቀመጥ እንዲታይ ከካሬ ወይም ከክብ ያልራቀ ቅርጽ ይኑረው። የገንዘብ ሰጪውን ሕግ ከመጀመሪያው አንብቡ። ለምሳሌ ከአውሮፓ ኅብረት የምርምር ፕሮግራም ከሆነው ከሆራይዘን ዩሮፕ ገንዘብ የሚያገኝ ፕሮጀክት የኅብረቱን ባንዲራ ከድጋፍ መግለጫው ጋር ማስቀመጥ ግዴታው ነው፤ ባንዲራው ከሌሎቹ አርማዎች ያነሰ ጎልቶ መታየት የለበትም፣ ከሌላ ምልክት ጋርም አይቀላቀልም። ስለዚህ ከዋክብቱን ቅጠሉ ዙሪያ እንበትን የሚል ሐሳብ ከመጣ በጊዜው አስቁሙት።

10. ፋይሉን አስረክቡ

አንድ ፎልደር ውስጥ ኤስቪጂ፣ ፒዲኤፍና ከጀርባው ባዶ የሆነ ፒኤንጂ አስቀምጡ፤ እያንዳንዱ በቀለም፣ በጥቁርና በነጭ። የጥልፉን ቅጂና ለቴሌግራም ክብ የሚገባውንም ጨምሩ። የፋይሉ ስም “የመጨረሻ”፣ “የመጨረሻ2”፣ “ትክክለኛው የመጨረሻ” እያለ እንዳይሄድ ቋንቋውንና ቀለሙን የሚገልጽ ስም ስጡት። ከሱ ጋር አንድ ገጽ መመሪያ ይሂድ፦ ትንሹ መጠን፣ ዙሪያው የሚተው ባዶ ቦታ፣ የቀለም ቁጥሮቹ። ከአንድ ገጽ ከበለጠ ማንም አያነበውም።

ባለቤትነቱን በጽሑፍ ጨርሱ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፤ ቢሆንም ሎጎው የማን እንደሆነ፣ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ማን መለወጥ እንደሚችል በአንድ አንቀጽ ጽፎ መፈራረም ከኋላ ክርክር ያድናል። የምርምር ፕሮጀክት ዘመኑ የተወሰነ ነው፤ ሁለተኛ ምዕራፍ ሲመጣ ሌላ ዲዛይነር ሊይዘው ይችላል።

ፋይሉን በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ አትላኩ፤ ጨምቆ ያበላሸዋል። “ፋይል” የሚለውን መርጣችሁ ላኩ፣ ለማተሚያ ቤቱም ፒዲኤፉን እንጂ ከስላይድ ላይ የተቀዳ ምስል እንዳይወስዱ ለሾፌሩ ጭምር ንገሩት፤ ፍላሹን ይዞ የሚሄደው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።